ጣት ያልተነሣለት ሰው

ኦርሊን በምትባለው የበቆሎ ገበሬዎች ከተማ ውስጥ ቀትር የሚታወቀው በፀሐይ ሳይሆን በሳይረን ነው። በእሳት አደጋ ጣቢያው ጣሪያ ላይ የተተከለው ግዙፍ ጡሩምባ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይጮኻል። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ የከተማው ነዋሪ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ውሻ ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያላዝናል፣ ከዚያ ምሳ ይቀርባል። እሳት ሲነሳ የሚጮኸውም ይኸው ሳይረን ነው። ይህ አንድ ቀን ጣጣ እንደሚያመጣ ያልታሰበ አይምሰላችሁ። በየሦስት ዓመቱ አንድ ብልህ ሰው በከተማው ስብሰባ ላይ ያነሳዋል። ስብሰባው ግን ሁልጊዜ ረፋዱ ላይ ስለሚጠራ፣ ነገሩ ገና ሲሞቅ ሳይረኑ ይጮኽና ሁሉም ለምሳ ይበተናል።

በዚያ የካቲት ሳይረኑ ሲጮኽ፣ ዌንደል ዛብካ እናቱን ቀብሮ በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ምሳ ሊበላ ተቀምጦ ነበር። ዌንደል ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በገበሬዎች ማኅበር ጋራዥ ትራክተር ይጠግናል፣ ያለ ደመወዝ ደግሞ የኦርሊን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አለቃ ነው። አሥራ ሁለቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሙሉ እዚያው ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ለቀብር ክብር ሲሉ አጥፍተዋል። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የአሳማ ሥጋ ሳንዱች፣ በአይብ የተጋገረ ድንችና ቀለሙ ከተፈጥሮ ውጪ የሆነ፣ ጄሎ የሚሉት ተንቀጥቃጭ ጣፋጭ ተደርድሯል። እያንዳንዱ የመጋገሪያ ሳህን ቂጡ ላይ የባለቤቷ ስም በወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። በኦርሊን ሰው ሲሞት ነፍሱን እግዚአብሔር ይቀበላል፣ ሳህኑ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

«እናትህ» አሉት ጎኑ የተቀመጡት አዛውንት አፋቸው ድንች እንደሞላ፣ «ለዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ብቻዋን ነው የተሟገተችው። እንደዚያ ከሃዲ ቲማን መሰለችህ?»

ዌንደል ሳንዱቹን ቁልቁል አየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የኦርሊን ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀል አይቀላቀል ተብሎ ከሁለቱ ከተሞች የተውጣጡ ሰባት የቦርድ አባላት ድምፅ ሰጡ። ወጉ እጅ ማውጣት ነበር፤ ነገር ግን «ነገ ጎረቤት ጎረቤቱን በምን ዓይኑ ሊያየው ነው?» ተባለና፣ ለሰላም ሲባል፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው የበቆሎ ዘር ማስታወቂያ ያለበት ኮፍያ ውስጥ ጣሉ። አራት ለሦስት ይዘጋ ሆነ። ይዘጋ ካሉት ሦስቱ የወዲያኛው ከተማ ሰዎች ስለነበሩ ማንም አልፈረደባቸውም። አራተኛው ግን ከኦርሊን ልጆች አንዱ መሆኑ ነው። የቦርዱ አባል አይሪን ዛብካ፣ የዌንደል እናት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን የምትመታው ሴት፣ እዚያው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሌሎቹ ሁለት የኦርሊን አባላት በእናታቸው መቃብር ማሉ። ገበሬው ዱዌን ቲማን ብቻ «ድምፄ የራሴ ነው» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ኮፍያው የሱ ነበር። ከተማው ለሰላም ብሎ በስውር ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ድምፅ ሃያ ስድስት ዓመት የሚቆይ ጠብ ገዛ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አይሪን በሞት አልጋዋ ላይ የልጇን እጅ ይዛ፣ «እኔ ነኝ» አለችው። «አንደኛ ክፍል አራት ልጅ ብቻ ነበር፣ ጣሪያው ሊወድቅባቸው ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።» ይህን ብላ እሷ ቀለላት፤ ሸክሙ ወደ ልጇ ዞረ።

«ዛሬስ ሳይረኑ ረዘመ» አለች ቬርና ፖስፒሺል ከጠረጴዛው ወዲያ። ቬርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፣ የእሳት አደጋው ምክትል አለቃ ናት፣ ምላሷ ደግሞ ከሁለቱም መኪና ይፈጥናል። «ለአይሪን ክብር ይሆን እንዴ?»

አንዳንዱ ጭንቅላቱን በሐዘን ነቀነቀ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሳይረኑ ወረደ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወረደ።

የቀትር ሳይረን አይወርድም፣ አይነሳም፤ የሚወርድና የሚነሳው የአደጋው ነው። ዌንደል ሳንዱቹን ጣለው።

«ተነሱ!»

አሥራ ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ ተንኳኳ። የወጥ ቤት ሴቶች ከዳቦ መጥበሻው አጠገብ የምትቀመጠውን ትንሽ ሬዲዮ ከፈቱ። በኦርሊን የእሳት አደጋውን ንግግር የምትጠልፍ እንዲህ ያለች ሬዲዮ የሌለበት ማእድ ቤት የለም፤ የሰው ጭንቅ ከራስ ወጥ ጋር አብሮ ይማሰላል። ከሬዲዮዋ የወጣው ድምፅ፣ ሰው ጎተራ ውስጥ በበቆሎ ተውጧል፣ ሚስትየዋ ከደወለች ሰባት ደቂቃ ሆኗታል፣ ቦታው የቲማን እርሻ ነው አለ።

ምድር ቤቱ ለአንዲት ቅጽበት ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ዌንደል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይረሳውም። ሰባቱ ደቂቃ የሳይረኑ ጥፋት ነበር። ያቺ ቅጽበት ግን የራሳቸው ናት።

በጠጠሩ መንገድ ላይ የእሳት አደጋ መኪናው አቧራ እየተፋ ከነፈ። በኦርሊን መንገድ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሾፌሩ ከመሪው ላይ ሌባ ጣቱን ያነሳል። ለወዳጅ ይነሳል፣ ለማያውቁት ይነሳል፣ ለግብር ሰብሳቢም ሳይቀር ይነሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተነሳው ለዱዌን ቲማን ብቻ ነው። ዌንደልም አላነሳም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቤዝቦል ያስተማረው፣ «ኳሷን አትፍራት፣ እሷ ናት አንተን መፍራት ያለባት» እያለ በየምሽቱ ያለማመደው ዱዌን ነበር። ያኔ ልጆቹ ሁሉ «ኮች»፣ አሠልጣኝ፣ ይሉት ነበር። ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ ስሙን የሚጠራው የባንክ ደብዳቤ ብቻ ሆነ።

የዱዌን ሚስት ማርሊስ ቲማን ጎተራው ሥር በሹራብ ብቻ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ጎተራው አንድ ትልቅ ቤት የሚያክል ክብ ቆርቆሮ ነው።

«የበቆሎ ማውጫውን ሞተር አጥፍቼዋለሁ» አለች ማርሊስ፣ «እንደጮኸ አጠፋሁት። ለቀብሩ ከራቫቱን አስሮ ነበር። ከዚያ ‹እኔ ስገባ ሰው ሁሉ ወንበር ሲቀይር ለሟቿ ነውር ነው› አለና በቆሎ ልጫን ብሎ ወጣ። ማውጫው እየሠራ አትግባ አልኩት፣ ዌንደል። አርባ ዓመት ነገርኩት!»

የአገሩ ገበሬ ሁሉ፣ ከሥር የሚጎትተው ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ ጎተራ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃል። የአገሩ ገበሬ ሁሉ ደግሞ ይገባል። እርጥብ በቆሎ ተጋግሮ ሲቆም፣ «እኔ እኮ ፈጣን ነኝ» ብሎ በዘንግ ሊነካካው ይወርዳል፤ ሥሩ ይከዳዋል፣ በቆሎው እንደ ውኃ ይውጠዋል።

«ቬርና፣ ቆርቆሮውን በሦስት በኩል ቁረጡ፤ እኩል፣ በአንድ ጊዜ» አለ ዌንደል ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ። «በአንድ ወገን ብቻ ከፈሰሰ ጎተራው በላያችን ይታጠፋል። እኔ እገባለሁ።»

«አንተ ዛሬ እናትህን ቀብረሃል።»

«አንቺ ግቢያ።»

ቬርና መሰላሉን፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ጠባብ መስኮትና የራሷን ወገብ በየተራ አየች። «እግዚአብሔር ይከተልህ» አለች።

ውስጡ ብርድና አቧራ ነው። ከመስኮቷ የገባው ብርሃን አንድ ጭንቅላት፣ አንድ ግራ እጅና በቆሎ ላይ የተጋደመ ጥቁር ከራቫት አሳየው። በቆሎው ብብቱ ድረስ ደርሷል። ከጭንቅላቱ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጋግሮ የቀረ የሁለት ሰው ቁመት ያለው የበቆሎ ገደል ቆሟል። በምን እንደቆመ አይታወቅም።

ዌንደል በክብደቱ በቆሎውን ወደ ሰውየው እንዳይገፋ ጣውላ አንጥፎ በሆዱ ተሳበ።

«ኮች፣ ይሰሙኛል?»

ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ዞረ። ሰባ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ቅንድቡ ላይ አቧራ ተቀምጧል።

«ጆሮዬ ገና አልተቀበረም። ማነህ?»

«ዌንደል ነኝ።»

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ሌላው በመስኮቱ አያልፍም።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ቬርና ከላይ።

ዌንደል ማሰሪያውን በብብቱ አሳልፎ አሰረው፤ ለመሳብ ሳይሆን የበለጠ እንዳይሰምጥ ነው። በገመድ የተጎተተ ሰው ከበቆሎ አይወጣም፣ ትከሻው ነው ወልቆ የሚወጣው። ከላይ ጎባጣ የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች አወረዱለት። አራቱ ሰሌዳ ሲጋጠም እንደ በርሜል ሰውየውን ይከባል፤ ከዚያ ከውስጥ በጣሳ እየቀዱ ነፃ ያወጡታል። ሰሌዳዎቹ የተገዙት በፓንኬክ ቁርስ መዋጮ ነበር። በዚያ ቁርስ ላይ ዱዌን ስድስት ሰው በሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ብቻውን ተቀምጦ አራት ፓንኬክ በልቶ ሄዷል።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ሰመጠ። ሁለተኛው ተጋጠመ። ውጭ መጋዞቹ መጮኽ ጀመሩ፤ ጎተራው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከገደሉ ራስ ጭብጥ የሚያህል የበቆሎ ጓል ተፈንቅሎ ዱዌን ትከሻ ላይ ፈረሰ።

«መጋዙን ቀስ!» አለ ዌንደል በደረቱ ላይ ባለው መገናኛ ሬዲዮ።

«ቀስ ካልን ይመሽብናል!» አለች ቬርና።

ሦስተኛው ሰሌዳ ገባ። የቀረው የጀርባው ነው፣ በገደሉ በኩል። እሱ እንዲገባ ደግሞ የዱዌን ቀኝ ክንድ መነሳት አለበት፤ ክንዱ ከጎኑ ወደ ኋላ እንደተቀበረ ነው። ዌንደል የቻለውን ያህል በቆሎ ከፊቱ በጣሳ ቀድቶለታል። ክንዱን ግን ባለቤቱ ራሱ መዝዞ ካላወጣው ማንም አያወጣለትም።

«ኮች፣ ቀኝ ክንድዎን ወደ ፊት ያምጡት።»

ዱዌን ዓይኑን ጨፈነ።

«ኮች! ክንድዎን!»

«ለምን?» አለ ዱዌን ዓይኑን ሳይከፍት። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። «ብርዱ እኮ ቀረልኝ። ለማርሊስ በቆሎውን በሚያዝያ እንድትሸጠው ንገራት።»

ብርዱ የቀረለት ሰው እየሄደ ነው። ዌንደል ያውቃል፤ ሥልጠና ላይ ተምሮታል። ሥልጠናው ያላስተማረው ግን፣ በዚያች ሰከንድ በልቡ ጓዳ ብቅ ያለችውን ሐሳብ ነው። ዝም ካልኩ፣ አለች ሐሳቢቱ፣ እዚህ ዝም ካልኩ ነገሩ አብሮት ይቀበራል፤ እማዬም ኦርጋኗም በክብራቸው ይቀራሉ። ከክፉ ሰው የመጣች ሐሳብ አልነበረችም። በትህትና አንኳኩታ፣ እግሯን ጠርጋ የገባች ሐሳብ ነበረች።

«ነገረችህ?» አለ ዱዌን በድንገት።

«ምን?»

«አይሪን። ከመሞቷ በፊት ነገረችህ ወይ ነው የምልህ።»

የዌንደል ጣሳ አየር ላይ ቀረ። «ያውቁ ነበር?»

«ጎኗ ነው የተቀመጥኩት። ‹ይዘጋ› ብላ ስትጽፍ አየኋት።»

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት?»

«አባትህ በዚያው ጸደይ ነበር የሞተው። መሬት የላትም፣ ኦርጋኗ ብቻ ነበረች። ስምንት መቶ ኤከር ያለው ሰው ቢጠላ በቆሎው አይደርቅበትም። እሷ ብትጠላ የት ትሄዳለች?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እሷ ደግሞ ልክ ነበረች። ያ ጣሪያ ይወድቅ ነበር። አሁን ልተኛበት፣ ዌንደል።»

ገደሉ ቋ የሚል ድምፅ አሰማ። ከላይ እስከ ታች ጸጉር የመሰለች ስንጥቅ ተሰነጠቀች።

ዌንደል የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ። የወጥ ቤቶቹን ሬዲዮዎች ሁሉ አሰባቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የካፌውን፣ የአዛውንቶቹን መኖሪያ። ሙት ወቃሽ መሆኑንም አሰበው።

«የኦርሊን ሰዎች፣ እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ» አለ። «ትምህርት ቤቱን የዘጋችው ድምፅ የእናቴ ናት። የአይሪን ዛብካ። ራሷ ነግራኛለች። ኮች ቲማን አይደለም። እያወቀ ነው የተሸከመላት። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ የማይገባውን ሰው ነው የጠላነው።»

ቁልፉን ለቀቀ። ውጭ መጋዞቹ ዝም አሉ።

የዱዌን ዓይን ተከፈተ። ከዚያ አፉ።

«ምን አደረግህ አንተ ጅል!» ብሎ ጮኸ። «በቀብሯ ዕለት! ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩላትን! የምትይዘው ኳስ ሁሉ ከእጅህ እንደወደቀ ነው! እንዲያው ብይዝህ፣ እንዲያው አንዴ ብይዝህ...»

ሊይዘውም ተነሳ። ትከሻው ተገለበጠ፣ በቆሎው ተንሿሿ፣ ቀኝ ክንዱ እንደ ተቆጣ እባብ ከፊቱ ብቅ ብሎ የዌንደልን አንገትጌ ጨበጠ።

«ይያዙኝ፣ ኮች! እንደያዙኝ ይቆዩ!» አለ ዌንደል፤ አራተኛውን ሰሌዳ በጀርባው በኩል ጣለው፣ በሁለት ጉልበቱ ተጫነው። ተንሸራተተ፣ አንገራገረ፣ ቀጭ ብሎ ተጋጠመ።

ገደሉ ወረደ። ድምፁ ከመኪና እንደሚደፋ ጠጠር ነበር። ዌንደል በሰሌዳው አፍ ላይ ተደፍቶ የሰውየውን ጭንቅላት በደረቱ ሸፈነ። በቆሎው ጀርባውን ደበደበው፣ ሰሌዳዎቹን ገፋቸው፣ አልፎ ፈሰሰ። አቧራው ሁሉን ጨለማ አደረገው። ለረጅም ጊዜ የተሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከደረቱ ሥር፣ ታፍኖ፦

«...ጅል! አሁን እሁድ ኦርጋኑን ማን ሊመታው ነው?»

በሕይወቱ ዌንደልን እንደዚያ ስድብ ያስደሰተው ነገር የለም።

መጋዞቹ እንደገና ጮኹ። በሦስቱ ቀዳዳ በቆሎው እንደ ወርቅ ጅረት ወደ መሬቱ ፈሰሰ። አንድ ሰዓት ተኩል በጣሳ ከተቀዳ በኋላ ዱዌን ቲማን ትከሻው ወልቆ፣ አንድ ጫማውን ጎተራ ውስጥ ትቶ፣ ከራቫቱ እንደታሰረ ወጣ። ግቢው መኪና በመኪና ሆኗል። ግማሹ የቀብሩ ሰው የአሳማ ሳንዱቹን ይዞ መጥቷል። ቃሬዛው በመካከላቸው ሲያልፍ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ያልሞተ መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው አደረጉ። ማንም ምንም አልተናገረም። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም ያለ ሰው በምን እንደሚጀምር ከየት ይማራል?

በማግስቱ ጠዋት የዌንደል በር ተንኳኳ። ከቀብሩ ምሳ ከነትራፊው ወደ ቤቱ የተላከውን ሳህናቸውን ሊወስዱ የመጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ። በወጉ ሳህን የሚመልሰው ሐዘንተኛው ነው፣ ያውም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ታጥቦ። እነሱ ግን ድንቹ ግማሹ እንዳለ ወሰዱት። አንደኛዋ፣ «ዝም ብትልላት ምን ነበረበት?» አለችው። «ሙት ነች።»

«እሱ ደግሞ ሊሞት ነበር» አላት።

ከሰዓት በኋላ ማርሊስ መጣች። በፎጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳህን በሩ ላይ አኖረችና፣ «ከሆስፒታል ሆኖ ይሰድብሃል» ብላ ተመለሰች። ዌንደል ሳህኑን ከፍ አድርጎ ቂጡን አየ፦ ቲማን ይላል። ፕላስተሩ አዲስ ነው፤ ከዚያ ቤት ሳህን ወጥቶ አያውቅማ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሳህኑን አጥቦ ሊመልስ በጠጠሩ መንገድ ሲነዳ፣ ከወዲያ አቧራ ተነሳ። የዱዌን ቀይ መኪና ነው። ዌንደል ጣቱን ከሩቅ አንስቶ እስኪደርስ ሳያወርድ ቆየ፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚሰጠው ጅል ብቻ መሆኑን እያወቀ።

ቀዩ መኪና ጎኑ መጥቶ ቆመ፤ መስኮት ለመስኮት። የዱዌን ቀኝ ክንድ አንገቱ ላይ ታስሯል።

«ጎተራዬን ቀደድከው» አለ።

«አዎ፣ ኮች።»

«ሦስት ቦታ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ጠማማ ነው።»

«እሱን ቬርና ናት የቆረጠችው።»

«ያስታውቃል።» ወደ ፊት መንገዱን አየ። «እሁድ ማን መታው፣ ኦርጋኑን?»

«የፓስተሩ ሚስት።»

«እንዴት ነበር?»

«ውጭ ያሉት ውሾች ስድስት ሰዓት የሞላ መስሏቸው አላዘኑ።»

የዱዌን ከንፈር በአንድ ወገን ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን የትከሻው ሕመም፣ ሳያስታውቅ መኪናውን አስነሳ። ዌንደል በመስታወቱ ተከተለው። ቀዩ መኪና በአቧራው ውስጥ ሊጠፋ ሲል፣ የግራ እጁ በመስኮት ወጣ፤ ከእጁም ላይ አንዲት ጣት ቀጥ ብላ ተነሳች።

ከርቀቱ የተነሳ፣ የሰላምታዋ ትሁን የስድቧ የመሃል ጣት፣ የትኛዋ እንደነበረች በእርግጥ መናገር አይቻልም። ዌንደል ግን ሌባ ጣቱ ናት ብሎ ወሰነና ወደ ማርሊስ ቤት መንዳቱን ቀጠለ።